አራተኛው እጥበት

የዛሬዋ ጠያቂያችን «ሦስት ጊዜዋ» ብላ ነው የፈረመችው። ደብዳቤዋን ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድሽን ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ለራሴ ጉዳይ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። 27 ዓመቴ ነው፣ ባንክ ውስጥ ካሸር ነኝ፣ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ችግሬ እጅ መታጠብ ነው። ቀኑን ሙሉ ብር ስነካ እውላለሁ፣ ቤት ስገባ እስከ ክርኔ ድረስ ሦስት ጊዜ ካልታጠብኩ ምንም አልነካም። መሀል ላይ ሰው ከረበሸኝ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣልን፣ በጀሪካን ያጠራቀምነውን የምጨርሰው እኔ ነኝ፣ በዚህ ምክንያት ከእህቴ ጋር ተኮራርፈናል። ጠዋት ደግሞ ስቶቩንና ካውያውን ሳላይ አልወጣም፣ አይቼም ደረጃ ከወረድኩ በኋላ እመለሳለሁ፣ አንዳንዴ አራት አምስት ጊዜ። በዚህ ሳምንት ሁለት ቀን ሥራ አርፍጃለሁ። ከኮሮና በፊት ይህን ያህል አልነበረም። እናቴ ስኳር አለባት፣ ሁሌ የማስበው እሷን ነው፣ የሆነ ነገር ከእጄ ወደ ምግቧ ገብቶ ብትታመምብኝስ? እሷ ጸበል እንሂድ ትላለች። ጓደኛዬ ‹ይሄ ኦሲዲ ነው፣ አማኑኤል ሂጂ› ስትለኝ ተቀየምኳት። ሐኪም ቤት ሳልሄድ በዕለት ተዕለት ኑሮዬ ልለውጠው የምችለው ነገር ካለ ንገሪኝ። አንድ ነገር ብቻ ደግሞ አረጋግጪልኝ፤ አንዴ ብቻ ታጥቤ ባበስል እናቴ ምንም አትሆንም አይደል?»

የኔ እህት፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ያቺን የመጨረሻ ጥያቄሽን አልመልስልሽም።

ጨክኜብሽ አይደለም። «አይዞሽ፣ ምንም አትሆንም» ብዬ ብጽፍልሽ ምን እንደሚከተል ስለማውቅ ነው። ደስ ይልሻል። ስልኩን አስቀምጠሽ ተንፈስ ትያለሽ፣ ለግማሽ ሰዓት ይሁን እስከ ማታ እንጃ። ከዚያ «እሷ እኮ ሐኪም አይደለችም» የሚል ነገር ብቅ ይላል። «ስኳር እንዳለባት የጻፍኩትን ልብ ብላ አንብባው ይሆን?» ይላል። ተመልሰሽ መልሴን ታነቢዋለሽ፣ ለእህትሽ ታሳያታለሽ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ትጠይቂያለሽ። ሦስቱ አልበቃ ብሎሽ እኔ አራተኛው እጥበት እሆንልሻለሁ። እኔ ደግሞ ሳሙና መሆን አልፈልግም።

ሐኪም አለመሆኔ እውነት ነው፣ ስለዚህ ለሕመምሽ ስም ማውጣት የኔ ሥራ አይደለም። የጻፍሽው ግን ኦሲዲ (ያልተጋበዘ ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበት፣ እሱን ለማስታገስም አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ የአእምሮ ሕመም) ያለባቸው ሰዎች ከሚናገሩት ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ ጓደኛሽ ከሜዳ ተነስታ አልተናገረችም። ታረቂያት። ከመቶ ሰው አንዱ ወይም ሁለቱ በሕይወቱ በሆነ ወቅት ይይዘዋል፣ አብዛኛው ሰው ላይ የሚጀምረውም በልጅነት ወይም በወጣትነት ነው። ጢም ብሎ በሞላ አንበሳ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሁለት ያንቺ ቢጤ አይጠፋም ማለት ነው፣ ምናልባት ያ ብረቱን ላለመንካት በእግሩ ብቻ ሚዛኑን ጠብቆ የቆመው ሰውዬ።

ሰው ኦሲዲን ከጽዳት ጋር ያምታታዋል። «እኔም እኮ ኦሲዲ አለብኝ፣ ቤቴ ካልተወለወለ አልተኛም» የሚል በየቢሮው አለ። ጽዱ ሰው ግን ታጥቦ ይረካል። አንቺ ታጥበሽ አትረኪም። የሆነ ሐሳብ ሳትጋብዢው ይገባል፣ እጄ ላይ የሆነ ነገር አለ፣ እናቴ ልትታመም ነው ይልሻል። ሆድሽ ይረበሻል። እሱን ለማስታገስ ትታጠቢያለሽ፣ ቀለል ይልሻል። ጉዱ ያቺ «ቀለል ማለት» ላይ ነው ያለው። አእምሮሽ የሚማረው «የተረፍነው ስለታጠብሽ ነው» የሚለውን ነው፣ ስለዚህ ነገ ደወሉን ከፍ አድርጎ ይደውላል። ለሰፈር ውሻ አንዴ አጥንት ብትወረውሪለት በማግስቱ በሩ ላይ ቆሞ ታገኚዋለሽ፣ በሦስተኛው ቀን ጓደኛውን ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ «በኑሮዬ ምን ልለውጥ?» ላልሽው የኔ መልስ አጥንቱን መወርወር አቁሚ ነው። እንቅልፉም፣ እርምጃውም፣ ቡና መቀነሱም ጥሩ ነው፣ እመጣበታለሁ፤ የሚጠቅሙሽ ግን ውሻው በሩን ሲቧጭር ቁጭ ብለሽ ለመስማት ጉልበት ስለሚሰጡሽ ነው። ሦስት ጊዜ መታጠቡን ሳትነኪ በጠዋት ብትሮጪ፣ ጥሩ ሯጭ የሆነች ሦስት ጊዜ ታጣቢ ትሆኛለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ እወቂ። ያ ሐሳብ ራሱ የክፉ ሰው ምልክት አይደለም። በፈረንጆቹ 1978 ራክማንና ደ ሲልቫ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ጠይቀው አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ድንገት ደራሽ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው አግኝተዋል፣ ሕፃን ታቅፎ «ብጥለውስ» የሚል፣ ድልድይ ላይ ቆሞ «ብዘልስ» የሚል። ሌላው ሰው «ወይ ጉድ» ብሎ ያልፈዋል። አንቺ ትይዥዋለሽ። ላባርረው ብትዪ ደግሞ ይብሳል፣ ዌግነር የሚባል አሜሪካዊ በ1987 ተማሪዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፣ ካሰባችሁ ደወል ደውሉ» ብሎ አስቀምጧቸው ደወሉ አላቋርጥ ብሎ ነበር። አሁን አንቺም ድቡን እያየሽው ነው።

ወደ ስቶቩ እንምጣ፣ እሱ ከእጥበቱ ይቀላል፣ ከቀላሉ መጀመር ደግሞ ነውር አይደለም።

በ2003 ኔዘርላንድስ ውስጥ ተመራማሪዎች ጤነኛ ተማሪዎችን ሰብስበው ኮምፒውተር ላይ በተሠራ የጋዝ ምድጃ አሠሯቸው፤ አብሩት፣ አጥፉት፣ መጥፋቱን አረጋግጡ፣ 20 ጊዜ ደጋግሙት። በኋላ ሲጠየቁ ያስታወሱት ነገር ስህተት አልነበረም። ግን ትዝታው ደብዝዞባቸው፣ «እርግጠኛ ነህ?» ሲባሉ «እኔ እንጃ» ማለት ጀምረው ተገኙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ካናዳ ውስጥ ሌሎች በእውነተኛ ምድጃ ሞከሩት፣ ተመሳሳይ ነገር ታየ። እነዚህ እንግዲህ ምንም የሌለባቸው ሰዎች ናቸው! አምስት ጊዜ ማየቱ ራሱ ነው ያምታታሽ። የዛሬው ማየት ከትናንቱ፣ ሁለተኛው ከአራተኛው ይደባለቅና አንዱም ጥርት ብሎ አይታይሽም። እኔ ራሴ አንዴ በሩን መቆለፌን ለማየት ከታክሲ ወርጄ ተመልሻለሁ፣ ተቆልፎ ነበር፤ በማግስቱ «ትናንት ተቆልፎ ከነበረ ዛሬ ይሆናል ያልተቆለፈው» እያልኩ ስብሰለሰል ዋልኩ።

እርግጥ እዚህ አገር ፍርሃቱ ከባዶ አይነሳም። ስቶቩ በርቶ ሳለ መብራት ይጠፋል፣ ረስተሽው ትወጪያለሽ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ከገባ በኋላ መብራቱ ይመጣል። ስለዚህ አትዪ አልልሽም። አንዴ እዪ። ካውያውን ከሶኬቱ ንቀዪው፣ የስቶቩን ማጥፊያ በእጅሽ አዙሪ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ እያሰብሽ ሳይሆን ስቶቩን እያየሽ፣ ከዚያ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ። «ፎቶ አንሺው» የሚሉሽ ይኖራሉ፣ አታንሺ፤ ፎቶው ታክሲ ውስጥ ሃያ ጊዜ የሚታይ ስቶቭ ነው የሚሆነው። ቪዲዮማ አይነሳ። ደረጃው ላይ ጥርጣሬው ሲመጣ «ዘግቼዋለሁ፣ ዘግቼዋለሁ» ብለሽ አትከራከሪው፣ እሱ ሥራው ክርክር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጊዜ አለው። «ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል» በይና መውረድሽን ቀጥዪ። ይሄ አባባል መጀመሪያ ላይ ጥርስ እንደማስነቀል ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን የነገሩ ልብ እዚህ ጋ ነው ያለው፤ መቶ በመቶ እርግጠኛ ሳትሆኚ ታክሲ ውስጥ መቀመጥን መልመድ።

አሁን እጥበቱ። ይሄ የሚከብደው መሀሉ ላይ እናትሽ ስላለች ነው። ሕመሙ የሚጣበቀው ሰው በጣም በሚወደው ነገር ላይ ነው፣ እናቱን የማይወድ ሰው እናቴ ትታመማለች ብሎ እጁን አይልጥም።

ከሦስት ወደ አንድ በአንድ ጀምበር ውረጂ አልልሽም። መጀመሪያ የምትሰብሪው ቁጥሩን ነው። እየታጠብሽ ከእህትሽ ጋር አውሪ (ኩርፊያው ካለቀ)፣ ሬዲዮ ክፈቺ፣ ቁጥሩ ይምታታብሽ። ሲምታታብሽ ደግሞ ከአንድ አትጀምሪ፣ ካለሽበት ጨርሰሽ ውጪ። ከዚያ ክርኑን ተዪው፣ እስከ አንጓሽ ይብቃሽ። ከዚያ ሁለት ላይ አቁሚ። በየደረጃው ትንሽ ቀን ቆዪ፣ እስኪሰለችሽ ድረስ፣ ምክንያቱም መሰልቸት በዚህ ጉዳይ ጥሩ ዜና ነው። በመጨረሻ እንደማንኛውም ሰው ከሥራ ስትገቢ አንዴ፣ ምግብ ከመሥራትሽ በፊት አንዴ፣ ከመጸዳጃ ቤት ስትወጪ አንዴ። በሳሙና 20 ሰከንድ ያህል አሽቶ መታጠብ ነው ለሁላችንም የሚመከረው፣ ብር ለነካም ላልነካም። ሃያውን ሰከንድ ግን እየቆጠርሽ ሌላ «ሦስት ጊዜ» እንዳታደርጊብኝ።

ሌላ መታጠብ ሲያምርሽ «አልታጠብም» ከማለት «ከአምስት ደቂቃ በኋላ» ማለት ይቀላል። አምስቷ ስታልፍ ሌላ አምስት። ጭንቀቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ የሚፈነዳ ይመስልሻል፣ ከዚያ ምንም ሳታደርጊው መውረድ ይጀምራል። አንዳንድ ቀን በሩብ ሰዓት ይወርዳል። አንዳንድ ቀን እራት እስኪቀርብ ይዞሽ ይቆያል፣ በዚያ ቀንም ቢሆን ጭንቀቱን ተሸክመሽ ሽንኩርት ከትፈሻል፣ እሱ ይቆጠርልሻል። በዚያች ሰዓት የሆነ ነገር ሥሪ እንጂ መታጠቢያው አጠገብ ቆመሽ አትጠብቂ። ጭንቀቱን ለማባረር አሥር ጊዜ መተንፈስ፣ አሥር ጊዜ «እግዚኦ» ማለትም አይሠራም፤ መጸለይሽን አልነካም፣ ቁጥር ተሰጥቶት «ይህን ካላልኩ እናቴ ትሞታለች» የሚለው ጸሎት ግን እጥበቱ ልብስ ቀይሮ የመጣ ነው።

በረኪና እጅሽ ላይ የምታፈሺ ከሆነ (አልጻፍሽም፣ ግን ብዙዎች ያደርጉታል) ዛሬውኑ አቁሚ። የተሰነጠቀ ቆዳ ራሱ ለጀርም በር ይከፍታል። ማታ ቫዝሊን ተቀቢና ተኚ።

የውሃ ፈረቃው ስትረግሚው ኖረሽ ይሆናል፣ በዚህ ጉዳይ ግን ሊያግዝሽ ይችላል። ከእህትሽ ጋር ተስማሙና ማታ ማታ ለእጅሽ የምትሆን አንዲት ጆግ ውሃ ለዪ። ጆጓ ካለቀች አለቀች፣ ከጀሪካኑ አይጨመርም። በየሳምንቱ ጆጓን ትንሽ ጎደል እያደረግሽ ሂጂ። ውሃ የሚመጣ ቀን ደግሞ ቧንቧው ስለተከፈተ ብቻ ሥሩ አትዋዪ፣ ያው ጆግ ነው። የምትወስኚው ግን አንቺ ነሽ እንጂ እህትሽ ዘበኛ አትሁን፣ በጠብ መሀል የተደረገ ቁጥጥር ሁለታችሁንም ያስለቅሳል።

ሥራ ቦታ ብር ሁለቴ መቁጠር ደንብ ነው፣ ከጎደለ ከኪስሽ ነው፣ እዚያ ላይ ምንም አትለውጪ። ባልደረቦችሽ ስንት ጊዜ እንደሚቆጥሩ ታውቂያለሽ፣ አንቺም እንደነሱ ቁጠሪ፣ ከዚያ በላይ መቁጠሩ የባንኩ ደንብ አይደለም፣ ያንቺ ነው። ሳኒታይዘሩንም እንደዚያው።

ይህን የሚቀጥለውን ለእናትሽና ለእህትሽ አንብቢላቸው። እናንተ ውድ የቤቱ ሰዎች፣ «ስቶቩ ተዘግቷል አይደል?» ስትላችሁ «አዎ ተዘግቷል» የምትሉት ለእሷ ብላችሁ ነው። ለሰላም ብላችሁ ነው። ከእሷ በፊት ተነስታችሁ ዕቃውን የምታጥቡላት፣ በሩን በክርኗ እንዳትከፍት የምትከፍቱላት፣ ከባንክ ያመጣችውን ቦርሳ አንሥታችሁ የምታስቀምጡላት ሁሉ ከፍቅር ነው፣ ይህ ሕመም ያለበት ቤት ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ማለት ይቻላል። ግን አጥንቱን የሚወረውረው ሰው ሦስት ሆነ ማለት ነው። መጮህም፣ «አብደሻል እንዴ» ማለትም መፍትሔ አይደለም፣ በውርደት የተተወ እጥበት መጸዳጃ ቤት ተደብቆ ይቀጥላል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁላችሁም ደህና በሆናችሁበት ሰዓት፣ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩና አንድ መልስ ተስማሙ። ለምሳሌ ስትጠይቅ «ይሄ የሕመሙ ጥያቄ ነው የኔ ልጅ፣ ከባድ ነው አይደል? ነይ ሽንኩርቱን አግዢኝ» ማለት። መልሱ የለበትም፣ ፍቅሩ ግን አለበት። መጀመሪያ ሰሞን ትቆጣለች። ጥያቄዎቹን በአንዴ ሳይሆን በየተራ እያነሳችሁ ከሄዳችሁ ይቀላል፣ መጀመሪያ የስቶቩን፣ ከሳምንታት በኋላ የእጁን።

እናቷም ስኳሯን ራሷ ትከታተል፣ ቀጠሮዋን ትያዝ። የእናት ጤና የልጅ እጅ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አይምሰላት።

እንቅልፍ፣ እንግዲህ፣ ሁሉም የሚለው ነገር ነው ግን እውነት ስለሆነ ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ቲክቶክ ላይ ቆይታ በጠዋት የተነሳች ጭንቅላት «ተወው» ማለት ያቅታታል። በቀን ለሰባት ስምንት ሰዓት ያህል ተኚ፣ በተለይ የምትተኚበትና የምትነሺበት ሰዓት አይዘበራረቅ። ማታ በዚህ ስልክ «ከብር የሚተላለፍ በሽታ» እያልሽ መፈለግሽን ደግሞ አቁሚ፣ ጎግል የማይደክመው እናት ነው፣ በጠየቅሽው ቁጥር ይመልስልሻል፣ በየመልሱ መጨረሻ ደግሞ አዲስ በሽታ ያስተዋውቅሻል።

ስፖርት ለሁሉም ሰው የሚመከረው በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ያህል ነው። ጂም መመዝገብ አይጠበቅብሽም። መስቀል አደባባይ በጠዋት ደረጃው ላይ የሚሮጠውን ሕዝብ አይተሻል፣ እዚያ መሀል አንድ ሰው የነካውን ብረት ይዘሽ እግርሽን ብታፍታቺ ሁለት ሥራ በአንዴ ሠራሽ። ካልሆነም ከሥራ ስትወጪ ሁለት ፌርማታ ቀድመሽ ወርደሽ በእግርሽ ግቢ።

ቡና ተዪ ብልሽ እናትሽ ዓምዴን ታቃጥለዋለች። የምልሽ፣ ልብሽን የሚያስመታ ከሆነ፣ በተለይ ጾም ውለሽ ባዶ ሆድሽን ከሆነ፣ ያ የልብ ምት «የሆነ ነገር ሊፈጠር ነው» የሚል ማስረጃ ሆኖ ይቀርብብሻልና ቀንሺው። ቶናና በረካው ለሌላው ይሁን፣ አንቺ በአቦሉ ይብቃሽ፣ ከሰዓት በኋላም ባይሆን ይሻላል። ሥነ ሥርዓቱን ግን እንዳትቀሪ። ቡና ላይ ፈንዲሻ በእጅ ይበላል፣ ከአንድ ሳህን። ከዚያ የተሻለ ልምምድ የትም አይሸጥም። ጉርሻም ተቀበዪ፣ ስንት ጊዜ ነው ሰበብ ፈጥረሽ የሸሸሽው? ጫት ለምትቅሙ ሌሎች አንባቢዎቼ፣ ለዚህ ሕመም ቤንዚን ነው። አልኮልም ማታ ያበርዳል፣ ጠዋት ከነወለዱ ያስከፍላል።

ይህን ሁሉ ጽፌ የምፈራው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ወረቀት ላይ ገልብጠሽ፣ «150 ደቂቃ፣ ስምንት ሰዓት እንቅልፍ፣ አንድ ስኒ» ብለሽ፣ አንዱን ያጓደልሽ ቀን ሁሉም ተበላሸ ብለሽ ከአንድ እንዳትጀምሪ ነው። አንዳንዱን ቀን አጓድዪ። ሆን ብለሽ አጓድዪ እንዲያውም።

ስለ ጸበሉ፣ ሂጂ ከእናትሽ ጋር። እምነትሽ ከሆነ ምን ከልክሎሽ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ በኤች አይ ቪ ጉዳይ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚሄዱ ለምእመናን ተናግረው ነበር፣ ለዚህም ያው ነው። «መድኃኒትሽን ጣይ» የሚልሽ ካለ ግን እሱን አትስሚው። ኃጢአት እየመሰላቸው አንዱን ነገር ደጋግመው ለንስሐ አባታቸው የሚናዘዙ፣ ሙስሊም ወገኖቻችንም ውዱእ አልሞላልኝም እያሉ ደጋግመው የሚታጠቡ አሉ፣ እነሱ ወስዋስ ይሉታል። በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም የሚል የታወቀ መርሕ አለ። ከሃይማኖት አባት ጋር ስታወሪ ኃጢአቱን ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደተናዘዝሽውም ንገሪ ማለቴ ነው።

አማኑኤል ያልሽው ላይ ነው የማልስማማሽ። «ሐኪም ቤት ሳልሄድ» የምትይው ስሙን ፈርተሽ ነው፣ ይገባኛል፤ ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙን ስድብ አደረግነው። የሚታከመው ግን ያንቺ ዓይነት ሰውም ነው፣ ቦርሳ ይዞ ከሥራ የመጣ። ዘውዲቱ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ከላይ የነገርኩሽ ነገር የኔ ፈጠራ አይደለም፣ ቪክቶር ማየር የሚባል ሰው በ1966 ለንደን ውስጥ ሕመምተኞችን የሚፈሩትን እያስነካ እንዳይታጠቡ ሲያግዛቸው የጀመረው ነው፣ ዛሬ ለኦሲዲ ዋናው የንግግር ሕክምና ከዚያ ያደገ ነው። በባለሙያ ሲሆን ደረጃው ይለካልሻል፣ ብቻሽን ስትሆኚ ወይ ትፈጥኛለሽ ወይ ትሸሺያለሽ። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ፣ ሱስ አያስይዙም፣ ግን ለኦሲዲ ሥራቸው እስኪታይ 8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፣ «በሁለት ሳምንት አልሠራልኝም» ብሎ የሚያቆም ብዙ ነው። ሳያማክሩ ድንገት ማቆምም ጥሩ አይደለም።

ሐኪሞች ከሚያዩት ነገር አንዱ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስድብሻል ወይ የሚል ነው። የእጥበቱን፣ የደረጃውን፣ የማሰላሰሉን ደምሪው። እኔ በደብዳቤሽ ስደምረው አልፎታል። ስትሄጂ ደግሞ የሚያሳፍርሽን ሐሳብ ሳይቀር ተናገሪ፣ ሰምተውት የማያውቁት ነገር የለም። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ የለም፣ በዚያው ቀን ነው፣ ብቻሽንም አትሂጂ።

ለዚህ ሳምንት ስቶቩን ብቻ ያዢ። እጥበቱ ይቆይሽ። ሰኞ ጠዋት አንዴ አይተሽ፣ ማጥፊያውን አዙረሽ፣ ካውያውን ነቅለሽ ውጪ። ማክሰኞ ከሁለተኛው ፎቅ ተመልሰሽ ከሆነም ማክሰኞ ነው፣ ረቡዕ ደግሞ አለ።

ከወር በኋላ ጻፊልኝ፣ ከእህትሽ ጋር መታረቃችሁን፣ ፈንዲሻውን እንዴት እንደበላሽው ንገሪኝ። «ያደረግሁት ልክ ነው አይደል?» ብለሽ ከጻፍሽ ግን አልመልስልሽም።